ያው አይደለም፦ የመሪጌታ ሠረቀ ብርሃን ሀብተ ሚካኤል የሕይወት ታሪክ

እኔ ታናሽ ወንድማቸው ባርናባስ ሀብተ ሚካኤል ይህን የሕይወት ታሪክ ስጽፍ ከእውነት አንዲት ነቁጥ አለማለፌን በማተቤ እምላለሁ። ካህናቱ «መማል ክልክል ነው» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ንስሐውን ከሰልስቱ በኋላ እገባለሁ። ሳንቃ በር ላይ ሃያ ሰባት ዓመት ተራራና የዱር አራዊት ሊያይ የሚመጣ እንግዳ በበቅሎ ሳመላልስ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ አንዱን ጭላዳ ሁለት ነው ብየ አላውቅም። ስለ ወንድሜ ከማውቀውም ሰው አያምነኝም ብየ ግማሹን ትቸዋለሁ። የቀረው ይኸው ነው።

መሪጌታ ሠረቀ ብርሃን ከአባታቸው ከመምህር ሀብተ ሚካኤል ጥበብና ከእናታቸው ከወይዘሮ በለጠች አገኘሁ፣ ከደባርቅ ወደ ሳንቃ በር በሚወስደው መንገድ የሁለት ሰዓት የእግር ጉዞ ላይ ባለችው መንደራችን ኅዳር 12 ቀን 1953 ዓ.ም ተወለዱ። ከዚያ በፊት አርባ ቀን ሙሉ ፀሐይ አልታየችም ነበር። እሳቸው ገና ሲያለቅሱ ጉሙ ተገፈፈ፤ ከዳባት ማዶ ያለ ሰው ሳይቀር እህሉን አሰጣ። አባታችንም ሠረቀ ብርሃን አሏቸው። በግእዝ «ብርሃን ወጣ» ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህ ስም የሚጻፈው ንጉሥ በሚጻፍበት በንጉሡ ሠ ነው። እሳት በሚጻፍበት በእሳቱ ሰ የተጻፈ እንደሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ «ብርሃን ሰረቀ» ይሆንና ሕፃኑ ከእናቱ ጉያ ሳይወጣ ሌባ ይባላል። ድምፁ አንድ ነው፤ ትርጉሙ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ወንድሜ በዕድሜያቸው ከሰው ጋራ ተጣልተው አያውቁም። የተጣሉት ከአንድ አነጋገር ጋራ ነው፤ እሱም «ያው ነው» የሚለው ነው።

የቀበሌ መታወቂያ ሊያወጡ የሄዱ ዕለት ጸሐፊው በእሳቱ ሰ ጻፈባቸው።

«ልጄ፣ ምን ስሰርቅ አየኸኝ?» አሉት።

«መሪጌታ፣ ያው ነው እኮ። ሲነበብ አንድ ነው።»

«ከሩቅ ሲታይ ቀበሮም ውሻ ነው፤ በግ ግን አይጠብቅልህም።»

መታወቂያውን ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ መለሱት። በሃያኛው ጸሐፊው ራሱ አስተካክሎ እደጃቸው ድረስ ይዞላቸው መጣ።

ወደ ትምህርታቸው እንመለስ። ፊደልና ዳዊትን ከአባታችን ዘንድ በአራት ወር ደገሙ፤ ሌላው ልጅ አራት ዓመት ይፈጅበታል። በ1965 ዓ.ም ወደ ጃናሞራ ተሻግረው መካነ ብርሃን ከነበሩት ከታላቁ የቅኔ መምህር ከየኔታ ገብረ ኪዳን ጉባኤ ገቡ። እኛ ዘንድ ቅኔ ያወጣ ሰው «ዘረፈ» ይባላል። ወንድሜ ቅኔ እንደ ጎርፍ ይዘርፉ ነበር፤ ብርሃን ግን ሰርቀው አያውቁም። ከስድስት ዓመት በኋላ መሪጌታ ተብለው ሲመለሱ የኔታ ዘጠኝ ወንዝ አሻግረው ሸኟቸው። «ከዚህ ልጅ በኋላ ጉባኤውን ብዘጋም አይቆጨኝ» ያሉትንም በጆሮየ ባልሰማ የሰማ ሰው ነግሮኛል።

ከዚያ ዳባት ወርደው ዘመናዊውን ትምህርት እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል አጠናቀቁ፤ ጎንደር ሄደው የታይፕ ጽሕፈት ተማሩና በ1979 ዓ.ም ደባርቅ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት በጽሕፈት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። በደቂቃ ሁለት መቶ ቃል ይመቱ ነበር። ታይፑ ስለሚግል አጠገቡ አንድ ባልዲ ውኃ ይቀመጥ ነበር። እዚያው ቢሮ ታይፕ ሊማሩ ከመጡት ከወይዘሮ ሐመልማል መልከ ጼዴቅ ጋራ ጥር 1982 ዓ.ም በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። ወይዘሮ ሐመልማል ዝምተኛ ናቸው። በዚያ ቤት የሚሰማው ድምፅ ሁለት ብቻ ነበር፤ የወንድሜ ዜማና የእሳቸው ጣት ፊደል ሲመታ።

በትዳራቸውም አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ወንዱን ጸጋው ሲሉት በጸሎቱ ጸ ነው። ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ በፀሐዩ ፀ ስለሚጽፈው መስከረም በጠባ ቁጥር ወንድሜ ላጲስ በኪሳቸው ይዘው ይሄዱ ነበር። ዳይሬክተሩ ከሩቅ ሲያያቸው መዝገቡን አውጥቶ ይጠብቃቸዋል።

አሁን ስማቸውን በአምስት አህጉር ወዳስጠራው ሥራ ልግባ።

በ1991 ዓ.ም መሥሪያ ቤቱ የመጀመሪያውን ኮምፒውተር አስገባ። ሌላው ሠራተኛ አቧራ እንዳይገባው ጨርቅ አልብሶ ዙሪያውን ሲዞረው ወንድሜ ተቀምጠው ቅኔ ጻፉበት። የኔታ ገብረ ኪዳን ያን ጊዜ አርጅተው ነበር፤ የዕድሜ ልክ ቅኔያቸውም ያለው በተማሪ ደብተር ላይ በእርሳስ ተጭሮ ነው። ከመካነ ብርሃን በበቅሎ መጥተው አንድ ክረምት ሙሉ ከወንድሜ ወንበር አጠገብ ተቀመጡ። የኔታ ይላሉ፣ ወንድሜ ይመታሉ። ኀላፊው አንድ ቀን ገብቶ፣ «አባቴ፣ ይህ እኮ የመንግሥት ዕቃ ነው» ቢላቸው፣ የኔታ ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ መንግሥትስ ስንቱን አይቻለሁ፤ ፊደል ግን ያው ያየሁት ነው» አሉት። ሰውየው በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ። በዚያ ክረምት ስድስት ሺህ ቅኔ ገባ።

በ1996 ዓ.ም የኔታ ዐረፉ። ደብተሮቻቸውን የጎጆው ፍሳሽ አበስብሶ ከሽፋኑ በቀር ምንም አልተረፈም። የአንድ ሊቅ የሰባ ዓመት ድካም በአንድ ፋይል ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ያ ፋይል ከጠፋ የኔታ ሁለተኛ ሞቱ ማለት ነው።

በ2004 ዓ.ም መሥሪያ ቤቱ አዲስ ኮምፒውተር ገዝቶ አሮጌውን ወደ መጋዘን ጣለው። ወንድሜ ፋይሉን በአዲሱ ቢከፍቱት ቅኔ የለም። በቦታው የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ኮከብ፣ የጥያቄ ምልክትና የተሰባበረ ቅንፍ ተደርድሮ ቆያቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ በወረዳው ከእኔና ከወንድሜ በቀር የሚያውቀው የለምና ልብ ብላችሁ ስሙ። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። በዚያ ዘመን የእኛ ፊደል የራሱ ቁጥር አልነበረውም። ፊደል ሠሪው ሁሉ የእንግሊዝኛውን ቁጥር እየተዋሰ የአማርኛ ልብስ ያለብሰው ነበር፤ አንዱ ለሀ የሰጠውን ቁጥር ሌላው ለመ ይሰጠዋል። ቁጥሩ ስለማይበቃም አንዱን ፊደል አካሉን ለብቻ፣ ቅጥያውን ለብቻ በሁለት ቁጥር ይገጣጥሙታል። እንግዲህ ያ ሰው የሠራው ፊደል በተጫነበት ማሽን ላይ ቅኔ ሆኖ የሚነበበው፣ ሌላ ማሽን ላይ ትርምስ ይሆናል። በኋላ ዩኒኮድ የሚባለው ሥርዓት መጣና የዓለም ፊደል ሁሉ የየራሱን የማይለወጥ ቁጥር አገኘ። ወንድሜ «ፊደላችን ክርስትና ተነሣ» ይሉ ነበር። የቀረው የድሮውን ጽሑፍ ቁጥር በቁጥር ወደ አዲሱ ማሻገር ነው። ችግሩ፣ ፋይሉ ወደ አዲሱ ከተገለበጠ በኋላ የአሮጌው ኮምፒውተር ዲስክ ከነፊደሉ ተሰብሯል። አዲሱ ማሽንም ፋይሉን ሲቀበል ያላወቃቸውን ምልክቶች ውጦ አስቀርቷቸዋል።

የቢሮው የኮምፒውተር ባለሙያ አይቶ፣ «ቆሻሻ ነው መሪጌታ። ቦታ ከሚይዝ ላጥፋው» አለ።

ወንድሜም ሦስት መቶ ሠራተኛ በተሰበሰበበት አዳራሽ ተነሥተው ጠረጴዛውን በጡጫቸው መቱና፣ «ፊደሉ አልሞተም፤ ቁጥሩ ነው የጠፋበት። ሰው ስሙ በተሳሳተ ዕለት ይቀበራል እንዴ?» አሉ። በማግሥቱ የተጣለውን ኮምፒውተር በሦስት በቅሎ አስጭነው እቤታቸው አስገቡት። በቅሎዎቹ የኔ ነበሩና አውቃለሁ።

በ2006 ዓ.ም ፋይሉን አዲስ አበባ ላለ አንድ ድርጅት ላኩ። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ እንቀይራለን የሚሉ ነበሩ። እውነትም ቀይረው መለሱት፤ በየመካከሉ ባዶ ሣጥን ቢኖርበትም ይነበባል። ወንድሜ ግን የመጀመሪያውን ቅኔ ሦስት መስመር አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። ሰዎቹ ሥራ ለማቅለል ብለው ሠን ወደ ሰ፣ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ጠቅልለውታል። የኔታ ስለ ትንሣኤ ሲዘርፉ «ሠረቀ ፀሐይ» ያሉት «ሰረቀ ጸሀይ» ሆኗል። ወጣች የተባለችው ፀሐይ ሰረቀች ተብላለች። ቅኔ ደግሞ ሰሙም ወርቁም ያለው በፊደሉ ውስጥ ነው፤ ፊደሉን ካሳሳቱት ወርቁ ከቤቱ ይወጣል።

ስልክ ደወሉላቸው። ያነሣው ሰው፣ «አባ፣ ያው ነው። አንባቢ ይረዳዋል» አላቸው።

«ፀሐይን ሌባ አድርጋችሁ ያው ነው ትሉኛላችሁ?»

«ዛሬ እኮ ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚጽፈው።»

«ሌላው ሰው ነገም ደግሞ ይጽፋል፤ የኔታ የጻፉት ግን አንድ ጊዜ ነው» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ቀጥሎ ያለውን ዐይኔ ያየው ነው። በ2007 ዓ.ም በጾመ ነቢያት ሱባኤ ገቡ። ሰባት ቀን ሙሉ ከጥሬና ከውኃ በቀር አልቀመሱም። በሰባተኛው ቀን «ትንሣኤ ፊደል» የተባለውን፣ ዐሥራ ሁለት ሺህ መስመር ትእዛዝ ያለውን የፊደል መቀየሪያ ሠርተው ወጡ። ትርምሱን በአንድ ወገን ያስገቡበታል፤ በሌላው ወገን ንጉሡ ሠ በንጉሥነቱ፣ ሐመሩ ሐ በሐመርነቱ፣ ብዙኃኑ ኀ በብዙኃንነቱ ይወጣል። ስድስቱ ሺህ ቅኔ ድንች እስኪበስል ድረስ ባለው ጊዜ አለቀ። እኔ ያን ቀን ወደ ጊች ተራራ የምወስዳቸውን እንግዶች ይዤ ጎራ ብየ ነበር። አራት ነጮች ቆመው አዩ። አንደኛው በአገሩ ኮምፒውተር የሚያስተምር ሰው ነው፤ ባርኔጣውን አውልቆ ለረዥም ሰዓት አልመለሰውም። ከባሕር ማዶ ሦስት ጊዜ ኑልን ተብለው፣ «ደጋው ይስማማኛል» ብለው ቀሩ።

እንግዲህ «ቆሻሻ ነው» ያላችሁ ሰዎች ዛሬ እዚህ ቆማችኋል። ስም አልጠራም፤ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ወንድሜ አንድ ፊደል አልለቀቁላችሁም። ጡረታ ስትሸኟቸው የሰጣችኋቸው የምስጋና ወረቀት ላይ እንኳ ስማቸውን በእሳቱ ሰ ጻፋችሁ። እሳቸው ወረቀቱን አልመለሱም፤ በቀይ እስክርቢቶ አርመው ግድግዳቸው ላይ ሰቀሉት። እርማቱ ከበር ይታያል። ከቀብር መልስ ለቅሶ ስትቀመጡ ቀና ብላችሁ እዩት።

መሪጌታ ሠረቀ ብርሃን ከ2014 ዓ.ም ጀምሮ በስኳር ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተዋል። ሕመሙ ዐይናቸውን ቢያደክመውም ከጊች ንስር ይልቅ ያዩ ነበር። ጎንደር እየተመላለሱ ሲታከሙ ከቆዩ በኋላ ስድሳ አምስተኛ ዓመታቸው ሊሞላ ዐሥራ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም ደባርቅ በመኖሪያ ቤታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በማግሥቱ፣ ጥቅምት 25 ቀን፣ ወዳጅ ዘመዶቻቸውና ከጃናሞራ ድረስ የመጡ የቅኔ ጓደኞቻቸው በተገኙበት ይፈጸማል።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሐመልማል መልከ ጼዴቅ፣ ልጆቻቸው ጸጋውና ኅሊና፣ ሦስት የልጅ ልጆችና ወንድማቸው እኔ ቀርተናል። የየኔታ ገብረ ኪዳን ቅኔም አንዱ ሳይጎድል ቀርቷል።

እግዚአብሔር ስማቸውን ምልክት በማይዋጥበት፣ ቁጥር በማይጠፋበት በሕይወት መጽሐፍ ላይ በንጉሡ ሠ ይጻፍልን። የተጻፈውንም በስሙ የሚጠራ መልአክ ይላክላቸው።

ጽሑፌ እዚህ ላይ አልቆ ነበር። የሚከተለውን የጨመርሁት ማተሚያ ቤት ሆኜ ነው።

ወረቀቱን የምታትምልን የሺወርቅ ርእሱን ስትተይብ በእሳቱ ሰ ጻፈችው። ወይዘሮ ሐመልማል ይህችን አንዲት ፊደል ብቻ ሊያዩ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እንደለበሱ መጡ። የሺወርቅ፣ «እማማ፣ ይቅርታ፤ ያው ነው ብየ ነው» አለቻቸው። ጎንበስ ብለው ራሳቸው ፊደሏን ለወጧትና ቁጭ ብለው ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ሁለት ጊዜ አነበቡት።

ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ባርናባስ፣ መቀየሪያ የሚባል ነገር እኮ አልነበረም» አሉኝ።

እኔ ወረቀቴን ማጠፍ ጀመርሁ።

«ሊሠሩ ሞክረው ነበር። የተዋጠው ምልክት ስለበዛ አልሆነላቸውም። ያን አሮጌ ኮምፒውተርም በበቅሎ የጫነው የለም፤ መጋዘን እንደተጣለ ቀርቷል። አዳራሽም አልተናገሩም። ያን ለት ምንም ሳይሉ ፋይሉን በፍላሽ ገልብጠው መጡና ፍላሹን ከማተባቸው ጋራ አንገታቸው ላይ አሰሩት። የየኔታም ቅኔ ስድስት ሺህ አይደለም፤ ዘጠኝ መቶ ዐሥራ ሁለት ነው።»

«ታዲያ እንዴት ተመለሰ?» አልኋቸው።

«በዐይናቸው ነዋ። ያን ቆሻሻ የተባለውን እንደ ዳዊት ማንበብ ለመዱ። አንድ ኮከብና አንድ ቅንፍ ሲያዩ ይቺ ሠ ናት፣ ይቺ ኀ ናት ይላሉ፤ እኔ እተይባለሁ። ምልክቱ የጠፋ እንደሆነ ደግሞ ሰሙን ከወርቁ እያስታረቁ የትኛው ፊደል እንደነበረ ያስባሉ። አንዳንዷን ፊደል ሳምንት ጠብቄያታለሁ። ሰባት ቀን አይደለም የፈጀው፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ነው።»

የሺወርቅ እጇን ከማሽኑ ላይ አንሥታ ትሰማለች። እኔም፣ «እትየ ሐመልማል፣ ዋናው መመለሱ ነው። ሰባት ቀንም ሆነ ዐሥራ አንድ ዓመት በእግዜር ፊት ያው ነው» አልኋቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ፍላሹ በእሳቸው አንገት ላይ፣ ከማተባቸው ጎን ታስሯል።

«ያው አይደለም» አሉኝ። «የተነገረህንም እንደተነገረህ ጻፈው። ገና አላለቀም፤ አርባ አንድ ቅኔ ይቀራል። ዐይናቸው ከደከመ ወዲህ ምልክቱን እያየሁ የምነግራቸው እኔ ነበርሁ። አሁን እኔም ማንበብ ለምጃለሁ።»